የጥየቃ ትኬት

ኮሮና ከመጣ ወዲህ አንድ አባባል ሰልችቶኛል። በየስብሰባውና በየሬዲዮው «ወረርሽኝ ለፈጠራ በር ይከፍታል» ይላሉ። በቀደም ዕለት አንድ አሰልጣኝ እዚህ ላሊበላ ድረስ መጥቶ፣ በበረራ ሥራ የቆየነውን ሰብስቦ፣ ከችግር ውስጥ አዲስ አሠራር ያወጣ ካለ እጁን ያንሳ አለን። አጠገቤ የተቀመጠች የድሮ ባልደረባዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እጄን አላነሣሁም። አሠራሩን ፈጥሬያለሁ፣ አልክድም። በበሽታ ዘመን ባዶዋን ትበር የነበረች አውሮፕላን ሞልቻለሁ። ነገር ግን ያንን ታሪክ በዚያ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሦስት ነጥብ አድርጎ ማን ሊጽፈው ነው? እዚህ ብጽፈው ይሻላል።

ሚሌኒየሙን አክብረን ብዙም ሳንቆይ የመጣውን የአሳማ ጉንፋን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እኛ ግን አንረሳውም። አሳማ በማይበላበት፣ አሳማ ምን እንደሚመስል እንኳ ብዙ ሰው አይቶ በማያውቅበት አገር፣ በአሳማ ጉንፋን ሥራ ፈታን። እኔ ያን ጊዜ ቱሪስት በሚያመላልስ በአንድ ትንሽ የግል የበረራ ድርጅት፣ በላሊበላው ቢሮ እሠራ ነበር። ቢሮ ስል አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክና እኔ ማለቴ ነው። ትንሿ አውሮፕላናችን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ከመስከረም እስከ ገና ወንበር የያዙ ፈረንጆች ከሰኔ ጀምረው አንድ በአንድ ሰረዙ። በሽታው እኛ ጋ ድርሽ አላለም፤ የበሽታው ወሬ ግን ሆቴሎቹን አራቁቶ፣ አስጎብኚዎቹን ከዛፍ ሥር አስቀምጦ፣ አውሮፕላኗን ከሁለትና ከሦስት ሰው ጋር ያመጣልን ጀመር። አባቴ ይህን ስነግራቸው «በእርያ ስም የተጠራ ነገር ምን መልካም ሊያመጣ ኑሯል» ብለው ሣቁ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከከተማው በላይ፣ ወደ አሸተን በሚያወጣው አቀበት፣ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በምትርቅ መንደር ዜማ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ታላቅ ወንድሜ ከልጅነቱ ድምፁ የተመሰከረለት ስለነበር ወንበራቸው ለእሱ ነው ተብሎ ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን ድጓውን አጥፎ መኪና ልነዳ አዲስ አበባ እሄዳለሁ አለ። የሄደ ዕለት አባቴ በራፉ ላይ ቁመው፣ «ይኸን ደፍ ዳግመኛ ብትረግጥ ገዝቼሃለሁ» አሉት።

ግዝት እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። የገዘተው ሰው ራሱ፣ በገዛ አፉ ካልፈታው፣ የተገዘተው ታስሮ ይኖራል ተብለን ነው ያደግነው። አባቴ በንዴት ነበር ያሉት፤ ሳምንት ሳይሞላ እንደጸጸታቸው ከፊታቸው ይታይ ነበር። ግን መሪጌታ ናቸውና መጥቶ ደጄ ላይ ይንበርከክ፣ ያኔ እፈታዋለሁ አሉ። ወንድሜም የእሳቸው ልጅ ነውና ይጥሩኝ፣ ያኔ እመጣለሁ አለ። እንዲህ እየተባባሉ ዓመት በዓመት ላይ አለፈ። መልእክቱን ወዲያና ወዲህ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፤ ሁለቱም ታዲያ የሚቆጡት እኔኑ ነው።

በዚህ መካከል እናታችን ሞተች። ለወንድሜ የደወልኩለት እኔ ነኝ። በስልክ መርዶ አይነገርም፤ ነውር ነው። መርዶ የሚነገረው ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤቱ ተሂዶ፣ ሰውየው ቁጭ ብሎ ነው። መንገድ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ «ትንሽ አሞት ነው» ይባልና ከደረሰ በኋላ መርዶውን ይረዳል። ስለዚህ እናታችን ተገንዛ ተኝታ፣ ልቅሶው ከጀርባዬ እየተሰማ እንዳይታወቅብኝ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ «እማማን ትንሽ አሟታል፣ ብትመጣ ደስ ይላታል» አልኩት። «በማርያም በይ» አለኝ። በማርያም አልኩ።

ወንድሜ አመነኝ። ስላመነኝም አልቸኮለም። አውቶቡሱ ደሴ ላይ ሲያድር ጠዋት መድኃኒት ቤት እስኪከፈት ጠበቀ፤ ለእናቱ የሚያበረታ መድኃኒትና አንድ ፌስታል ብርቱካን ገዛ። አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ። ሌላ መኪና ለምኖ ሲደርስ ቀብሩም ሣልስቱም አልፎ፣ ድንኳኑ ሊነሣ ሰዉ ካስማ እየነቀለ ነበር። ብርቱካኑን እንደያዘ ቆመ። አልቅሶ ሲበቃውም ወደ ቤቱ አልገባም። በሩ አጠገብ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለና በነጋታው ሄደ። አባቴ ከውስጥ ያዩታል፤ እሱ ከውጭ ያያቸዋል። ከደፉ ወዲህና ወዲያ ሁለቱም አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔ ጸጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝም።

ወደ በረራው ልመለስ። ያን ጊዜ አገሩ በሙሉ ስልጠና ላይ ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ በመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ይታመስ ስለነበር፣ የእኛ ሥራ አስኪያጅም ነገሩ ቀናው መሰለኝ። ከአዲስ አበባ ትልልቅ ወረቀት ጠቅልሎ መጣና፣ የየከተማውን ቢሮ ሠራተኞች ላሊበላ አንድ ባዶ ሆቴል ሰብስቦ ከግድግዳ ላይ ለጠፈ። በሽታው ዕድል ነው አለን። ወንበር ባዶውን እየበረረ እንዴት ዕድል እንደሚሆን ብጠይቀው፣ «ይህ የድሮ አስተሳሰብ ነው» አለኝ። ከዚያ ሁላችንም ሐሳብ እንድናመጣ ታዘዘ። አንዱ አውሮፕላኗን ከጉንፋን ነጻ ብለን በሬዲዮ እናስነግር አለ። ሌላው ለተሳፋሪ ሁሉ የአፍ መሸፈኛ በላሊበላ መስቀል ጥልፍ እናሠራ አለ። ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም በየተራ ጻፈው፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይላል።

እኔ ያን ፌስታል ብርቱካን አስቤ ነበርና ተነሣሁ። አዲስ አበባ የላስታ ሰው ሞልቷል አልኩ። ዘመድ ሲሞትበት ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ ያልቃል፤ ቀብሩ ያመልጠዋል፣ ሣልስቱም ያመልጠዋል። ባዶውን ወንበር በቅናሽ ለሐዘንተኛ ብንሰጥ ከባዶ ይሻላል፣ ለእነሱም ዕድሜ ልክ የማይረሱት ውለታ ነው። ሰዉ ትንሽ ተሳሳቀ፤ ቱሪስት የለመደ አውሮፕላን ልቅሶ ሊጭን ነው አሉ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሥራ አስኪያጁ የኔን ሐሳብ መጨረሻ ላይ በቀይ ከበበው። «የለቅሶ ትኬት» ተባለ።

በዚያ ሰሞን አቀበቱን ወጥቼ ለአባቴ አጫወትኳቸው። የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ለሞተ ከሚበር ላልሞተ ቢበር አይሻልም ልጄ?» አሉኝ። ላልሞተማ ማን ይቸኩላል ብዬ መለስኩላቸው። ከመቼ ወዲህ ነው የእኛ ሰው በሕይወት ላለ ሰው የቸኮለው።

የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ መርካቶ የምትነግድ የኛ አገር ሴት ነበረች። እናቷ ሞተዋል። ዘመዶቿ የደብሩን ደብዳቤ ይዘው እኔ ጋ መጡ፤ እኔም ወደ አዲስ አበባው ቢሮ አስተላለፍኩ። ሁሉን አስቤያለሁ ብዬ ነበር። ቅጹን ግን ያወጣው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ቅጹ ላይ «የሟች ስም» እና «ከሟች ጋር ያላቸው ዝምድና» የሚል ነበረበት። ሴትዮዋ እናቷን ትንሽ አሟቸዋል ተብላ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ ቆማለች። ጸሐፊው ምን በወጣው፣ እስክሪብቶውን አንሥቶ የሟች ስም ማን ልበል ይላታል። እዚያው ባንኮኒው ሥር ወደቀች። ሾርባው በቅጾቹ ላይ ፈሰሰ።

ያን ዕለት ራሴን በጥፊ መምታት ነው የቀረኝ። በዚህ አገር ተወልጄ፣ በራሴ አፍ ዋሽቼ፣ ሐዘንተኛ ሐዘንተኛ መሆኑን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ መሆኑን እንዴት እረሳለሁ? ለማያውቅ ሰው የለቅሶ ትኬት መሸጥ! ሥራ አስኪያጁ ደውሎ፣ ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም አለኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ግን እሱም እንደ ላስታ ሰው የገዛ አያቱን ሞት የሰማው በማለዳ በሽማግሌ እንደሆነ በኋላ ራሱ ነግሮኛል።

ስለዚህ ስሙን ቀየርነው። «የጥየቃ ትኬት» አልነው፤ የታመመ ለመጠየቅ። የሞቱን ማስረጃ እኔ ላሊበላ ላይ በምስጢር እቀበላለሁ፤ አዲስ አበባ ያለው ጸሐፊ ምንም አይጠይቅም፤ ተሳፋሪው ታማሚ ሊጠይቅ ይሳፈራል። መልካም ሆነ። በሁለት ወር ውስጥ ወንበሩ ሞላ፤ ሌሎቹም ቢሮዎቻችን ተከተሉ። እኔ ግን በሳምንት ሦስት ቀን መዋሸት ሥራዬ ሆነ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ወርጄ እቀበላቸዋለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠው፣ የኛ አገር ልጅ ነሽ መቼም፣ አባቴ እንዴት ነው ይሉኛል። ተሽሎታል እላለሁ። እህል ቀምሷል ወይ ይሉኛል። ትናንት ማታ አጥሚት ጠጥቷል እላለሁ፤ ሰውየው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። መንደር ሲደርሱ ልቅሶው ይፈነዳል፤ ለታማሚ ያመጡት ፍራፍሬ እዚያው መኪና ውስጥ ይቀራል። ሾፌሩ እየሰበሰበ ቢሮዬ ጥግ ያስቀምጠዋል። የሞቱ ሰዎች ብርቱካን ይሸተኝ ጀመር።

ሰው ደግሞ ሞኝ አይደለም። ወራት ሳይቆይ ጥየቃ ምን ማለት እንደሆነ አዲስ አበባ ያለ የላስታ ሰው ሁሉ ገባው። ስልክ ተደውሎ «በጥየቃ ትኬት ና» የተባለ ሰው እዚያው ስልኩ ላይ ጩኸቱን ያቀልጠዋል። እንግዲህ ካወቁ ውሸቱ ይቅር ብዬ ለአንዳንድ ቤተሰብ ተናግሬ ነበር። ገላመጡኝ። በስልክ እንዴት መርዶ ይነገራል አሉኝ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይዋሻል፤ ሁሉም እንደሚያውቅ እያወቀ ይምላል። ሥራ አስኪያጁ በበኩሉ «ምርጥ ተሞክሮ» የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብቶ ላከልኝ። ከወንበሬ ጀርባ ሰቀልኩት።

ታኅሣሥ ገባ፤ የነቢያት ጾም ነው። አባቴ ከዚያ በፊትም ደከም ደከም ይላቸው ነበር፤ አንድ ሰኞ ማሕሌት ቁመው ወደቁ። ተሸክመው ቤት አስገቧቸው። ማታ ነፍሳቸው መለስ ሲል መጀመሪያ የጠሩት የወንድሜን ስም ነው። «ጥሪው» አሉኝ። «ግዝቱን በአፌ ልፍታው። እንዲህ አስሬው ልሄድ አልችልም።» ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። የነፍስ አባታቸውም አጠገባችን ነበሩ፤ ቶሎ ይምጣ እንጂ እስከ ሳምንቱም መኖራቸውን እንጃ አሉኝ።

በእናታችን ሞት ጊዜ የደወልኩበት የመንደራችን ስልክ ከተበላሸ ቆይቷል። ማክሰኞ ጠዋት ቁልቁል ወርጄ ቢሮ ገባሁና ለረቡዕ አንድ ወንበር አስያዝኩ። የቱ ትኬት ብሎ የአዲስ አበባው ጸሐፊ በስልክ ሲጠይቀኝ ያለ ሐሳብ የጥየቃ አልኩት። የታመመ አባት ልጁ ሊጠይቀው ነው፤ እስቲ የጥየቃ ያልሆነ ምን ይባላል? ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«አባባን አሟቸዋል» አልኩት። «ግን አሉ። እየጠሩህ ነው፤ ግዝቱን ሊፈቱልህ ነው። ለነገ ወንበር ይዤልሃለሁ።»

ከዚያ በጣም በቀስታ፣ «በምን ትኬት?» አለኝ።

«በጥየቃ።»

እሺ አለ። እግዜር ይስጥሽ፣ ደክመሻል አለኝ። ድምፁ ረጋ ማለቱ አስደሰተኝ። እንዲህ ያለች ጅል ነበርኩ።

ረቡዕ ሜዳው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። አውሮፕላኗ መጣች፤ ሰዉ ወረደ። የእሱ ወንበር ባዶውን መጣ። ከተማ ተመልሼ፣ ከዚያ ከምስክር ወረቀቱ ሥር ተቀምጬ ደወልኩ። ከኋላው የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የተሰበሰበ ሰው ነው።

«ለምን አልመጣህም?»

«ዛሬ ማለዳ መርዶ ነገሩኝ» አለ።

ማን፣ የማንን መርዶ ብዬ ጮህኩበት። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ማክሰኞ ለሥራ ባልደረባው አባቴን ልጠይቅ በጥየቃ ትኬት ልሄድ ነው ብሎት ነበር። ባልደረባው ለዕድሩ ዳኛ ነገረ። ዳኛው የሰቆጣ ሰው ነው፤ ያንን ትኬት ያውቀዋል። ሌላ ምን ማረጋገጫ ያስፈልገዋል? ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በር አንኳኩቶ፣ እንደ ደንቡ አስቀምጦ አረዳው። አባቴ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ አዲስ አበባ ላይ ድንኳን ተተከለላቸው።

«አልሞቱም» አልኩት። «ስማኝ፤ ትናንት አጥሚት ጠጥተዋል።» ይህችን ቃል ከአፌ ሳወጣት ራሴን ጠላሁ። በሳምንት ሦስት ቀን የምላት ቃል ናት።

«አትድከሚ እህቴ» አለኝ። ይባስ ብሎ ያጽናናኝ ጀመር። «ዓርብ ከዘመድ ጋር ሁነን እንመጣለን። ለሞተ ምን ያስቸኩላል።»

«በማርያም አልሞቱም።»

«የእማማም ጊዜ በማርያም ብለሽኝ ነበር» አለ። ክፋት አልነበረውም፤ አዝኖልኝ ነው የተናገረው። ስልኩን ዘጋ። ደግሜ ስደውል ሌላ ሰው አንሥቶ ሐዘንተኛው ትንሽ ይረፍ አለኝ።

በንዴት ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወልኩ። እባክህ ሰው ላክ፣ ወንድሜን አስረዳልኝ፣ አባቴ በሕይወት አሉ አልኩት። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፈጣሪ ያጽናሽ፣ የሐዘን ፈቃድ ወስደሽ እረፊ አለኝ። ያን ዕለት አባቴ በሕይወት መኖራቸውን የሚያምነኝ አንድ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ጠፋ። ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ተራውን ትኬት ይዤለት ቢሆን ኖሮ ማንም ምንም አይጠረጥርም ነበር። የገዛ ፈጠራዬ ነው የያዘኝ።

አቀበቱን ስወጣ አባቴ አልጋቸውን ወደ በሩ አስጠግተው፣ ጥምጥማቸውን አሥረው፣ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ደፉ ላይ ሲንበረከክ እንዳይርቃቸው ነው። ገና ከግቢው በር ሲያዩኝ «ደረሰ?» አሉኝ። አባቴን ልጅዎ አስቀድሞ አልቅሶልዎታል ልበላቸው? አውሮፕላኑን ደመና ከለከለው አልኩ። አንገታቸውን ቀና አድርገው በበሩ በኩል ሰማዩን አዩ። የታኅሣሥ ሰማይ ነው፤ አንዲት ብጣሽ ደመና የለበትም። ሰማዩን አይተው እኔን አዩኝ። ዓርብ ይመጣል አልኳቸው፤ ይህኛው እንኳ እውነት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ውድማ ላይ ነው፤ የነፍስ አባታቸውም ለጸሎት ወደ ደብሩ ሄደዋል። እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ትንፋሻቸው አጥሯል። እጄን ያዙኝ።

«ደፉ ላይ ተንበርክኮ ባየው በወደድሁ» አሉ። «አልሆነም። ልጄን ፈትቼዋለሁ። በቃሌ እንዳሠርሁት በቃሌ ፈታሁት። ደጁም ቤቱም የእሱ ነው፤ ገብቶ ይብላ። አንች መስክሪ።»

ቄስ ልጥራ፣ ሌላም ሰው ይስማ አልኳቸው። ውድማው ቅርብ ነው፣ ሮጬ ልምጣ አልኳቸው። እጄን አልለቀቁኝም።

«አንች ትበቂያለሽ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚሰማው ቃል አልወጣቸውም። ዓርብ ማለዳ፣ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ሳታርፍ አረፉ። አውሮፕላኗ ከአዲስ አበባ ገና አልተነሣችም ነበር።

ወንድሜ ከሁለት ዘመዶቻችን ጋር አቀበቱን ወጥቶ ሲደርስ አስከሬኑ ከቤት እየወጣ ነው። ጸጉሩን ተላጭቷል፤ ጥቁር ለብሷል፤ ድምፁ ከሁለት ቀን ልቅሶ ሰልሏል። የመንደሩ ሰው ተገረመ። ዛሬ ማለዳ ለሞተ ሰው መቼ ሰምቶ፣ መቼ ተላጭቶ፣ መቼ ደረሰ ብለው ስለ ስልክና ስለ አውሮፕላን ፍጥነት ያወሩ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ቢሰማቸው ሌላ የምስክር ወረቀት ይልክልኝ ነበር። ወንድሜ አጠገቡ ያለውን ሰው መቼ ነው ያረፉት ብሎ ሲጠይቅ አየሁት። ሰውየው ዛሬ ጠዋት አለው። ወንድሜ ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ሰው ጠየቀ፤ ለሌላም። ከዚያ በሰው መካከል ፈልጎ አገኘኝ።

«እውነትሽን ነበር?» አለኝ።

አዎ አልኩት። መሬት ላይ ተቀመጠ። አስከሬኑ አለፈው፤ ሁለት ሰው ደግፎ ባያነሣው ኖሮ ለቀብሩም አይደርስም ነበር።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ወደ ቤትና ወደ ድንኳን ገባ። እሱ ሄዶ ያቺው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሐሙስ የሆነውን አንድ ቃል ሳልጨምር ነገርኩት። ፈትተውሃል፣ ደጁም ቤቱም የአንተ ነው ብለዋል አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ማን ነበረ?» አለኝ።

«እኔ ብቻ።»

ራሱን ነቀነቀ። ለማጽናናት ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ፤ ደግ ነሽ አለኝ። ደግ ነሽ ሲለኝ በድንጋይ ብመታው ደስ ባለኝ። ለማጽናናት አይደለም፣ እውነት ነው፣ የረቡዑም እውነት ነበር፣ አይተሃል እኮ አልኩት። የረቡዑን አየሁት አለ። ይኸንን ግን በምን ልየው?

በሽታው በዓመቱ ከሰው አፍ ጠፋ። ፈረንጆቹ ተመለሱ፤ ወንበሩ በሙሉ ዋጋ ሲሞላ የጥየቃ ትኬት በአንድ ስልክ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ግን ተሞክሮውን በአምስት ገጽ ጽፌ እንድልክ ጠየቀኝ። አልጻፍኩም። ብርቱካኑን እዚያው ቢሮ፣ ቅጹን ለራሱ ትቼለት ሥራ ለቀቅሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ስንት ታኅሣሥ አደረ፤ የእኔ እውነት አልጠራም። ወንድሜ በየዓመቱ ለአባቴ ሙት ዓመት ይመጣል፤ አሁን ጸጉሩ ሸብቷል። ቄስ አምጥቼበታለሁ፤ እኛም እንፈታሃለን አሉት። መስቀላቸውን ተሳልሞ አመስግኖ እዚያው ድንጋይ ላይ ቀረ። ባለፈው ደግሞ ያለ ጊዜው ዝናብ መጣ፤ ታኅሣሥ ላይ ደመና ሆነ። እሱ ነጠላውን ራሱ ላይ ጥሎ ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ተቀምጧል፤ ከደፉ አንድ እርምጃ ነው የቀረው። እኔ ከውስጥ ቁሜ ግባ እላለሁ። እለምነዋለሁ፣ እቆጣዋለሁ፣ እምልለታለሁ። ስምል ፈገግ ይላል። እንጀራው እንዳይርስበት በሰፌድ ሸፍኜ አወጣሁለት።

አባቴ እንደምዋሽ ያን ጥርት ያለ ሰማይ አይተው አውቀዋል። እያወቁ አንች ትበቂያለሽ አሉኝ። ለእሳቸው በቅቼ ይሆናል፤ ለወንድሜ ግን አልበቃሁም።